አራቱንም ሾክ ቀየርኩ፣ መኪናዬ ግን አሁንም ትመታለች፦ ስለ ቪትዝ ሾክና ሞላ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። 2008 ሞዴል ቪትዝ አለኝ፤ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነው። ቤተሰብ ይዤ ባሕር ዳር እመላለሳለሁ፣ አልፎ አልፎ ከአስፋልቱ ወጥቼ ፒስታ እነዳለሁ፣ ጤፍም ከገጠር አመጣባታለሁ። ሆዷ እየመታ ስላስቸገረኝ አራቱንም ሾክ በአዲስ አስቀየርኩ። ለፊት ደግሞ ‹ከፍ ያደርጋል› የተባለ ወፈር ያለ ሞላ አስገባሁ። አሁን መሪ ስጠመዝዝ ከፊት ‹ድንግ› የሚል ድምፅ አለ፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች በውስጥ በኩል በሁለት ወር ተላጩ፣ ኋላዋም ሰው ሲሞላ እንደ ድሮው ይመታል። መካኒኩ በኋላው ሞላ መሃል የጎማ ቁራጭ እናስገባ ይላል። የገዛሁት ሾክ ፎርጅድ ይሆን? ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ሾኩ ፎርጅድ ነው የሚያሰኝ ምልክት በጥያቄው ውስጥ የለም። ያሉት ሦስት ችግሮች ናቸው፣ ምክንያታቸውም ለየቅል ነው። የኋላው መምታት የሞላና የጭነት ጉዳይ ነው። የፊቱ ድምፅ የአገጣጠም ስህተት ነው። የጎማው መላጨት ደግሞ የፊቱ ከፍታ ተለውጦ፣ ቡሎኖቹም ተፈትተው ሲያበቁ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) በትክክል ባለመሠራቱ የመጣ ነው። አራት ሾክ እንደገና ቢገዙ ከሦስቱ አንዱም አይፈታም።

ሾክ መኪናን ከፍ ያደርጋል የሚለው እምነት በጣም የተስፋፋ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ሾክ ወይም አሞርዛተር የምንለው ዕቃ በውስጡ ባለው ዘይት አማካይነት ሞላው ሲጨመቅና ሲዘረጋ ፍጥነቱን ይገታል፤ ሞላው ፈረሱ ቢሆን ሾኩ ልጓሙ ነው። ጋዝ ያለበት ሾክ እንኳ መኪናን የሚያነሳው በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በደከመ ሞላ ላይ አዲስ ሾክ ሲገጠም መኪናዋ መወዛወዟን ታቆማለች እንጂ ከመሬት አትርቅም። እንዲያውም ሞላው ዝቅ ስላለ አዲሱ ሾክ በመሃል ሳይሆን ወደ ታችኛው ጫፍ ተጠግቶ ይሠራል፤ ቡሬም ሆነ ዳንግላ ሲያልፉ የሚያገኙት እያንዳንዱ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እስከ መጨረሻው ይገፋዋል። አዲስ ሾክ ዕድሜው የሚያጥረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ወፍራሙ ሞላ ለፊት መግባቱ ነው። የቪትዝ ሞተርና ማርሽ ሳጥን ፊት ስለሆኑ የፊት ጎማዎች ባዶዋንም ሆነች ሞልታ የሚሸከሙት ክብደት ብዙ አይለያይም። የሚለዋወጠው የኋላው ነው። ከኋላ ወንበር ሦስት ሰው በአማካይ 70 ኪሎ ቢመዝን 210 ኪሎ ነው፤ አንድ ኩንታል ጤፍ ሲጨመር 310 ይሆናል፣ አብዛኛውም የሚያርፈው በኋላው አክስል ላይ ነው። ባዶዋን 1,000 ኪሎ አካባቢ ለምትመዝን መኪና ይህ ከባድ ጭነት ነው። በእርስዎ መኪና ፊቱ ሳያስፈልገው ደነደነ፤ ኋላው ደግሞ የደከመ ሞላውን እንደያዘ ቀረ። አፍንጫዋ ስለተነሳ የማታ መብራቷም ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፤ ይህንንም ማስተካከል ያስፈልጋል።

ሞላ በዓይን ተመርጦ የሚገዛ ዕቃ እንዳልሆነ ለማየት አንድ ስሌት ይበቃል። የጥምዝ ሞላ ጥንካሬ የሚያድገው በሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ነው፤ ማለትም 1.1 × 1.1 × 1.1 × 1.1 እንደሚባለው። የሽቦው ውፍረት ከ10 ሚሊ ሜትር ወደ 11 ቢሄድ፣ የጥምዞቹ ቁጥርና ስፋት እኩል ሆኖ፣ ጥንካሬው በ46 በመቶ ይጨምራል። አንድ ሚሊ ሜትር በዓይን አይለይም፤ በመንገድ ላይ ግን መኪናዋን ሌላ ያደርጋታል። በጣም የደነደነ ሞላ ደግሞ ሾኩ ከሚችለው በላይ በኃይል ይመልሳል፤ ፒስታው ላይ ጎማው መሬት መርገጡን ትቶ ይዘላል፣ ፍሬንም መሪም በዚያው ልክ ይላላሉ።

የጎማ ቁራጩን አያስገቡ። ሞላ የሚሠራው ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ሲጠመዘዝ ነው። መሃሉ ላይ ጎማ ሲወተፍ ሁለት ጥምዞች ከሥራ ይወጣሉ፤ ሸክሙም በቀሩት ላይ፣ በተለይም ጎማው በሚያልቅበት ቦታ ላይ ይከማቻል። መኪናዋ ለጊዜው ከፍ ብላ ትታያለች። ውስጥ የገባው ጭቃና ውሃ ቀለሙን ይልጣል፣ ዝገት ይጀምራል፣ ሞላውም በዚያው ቦታ ይሰበራል። የተሰበረ የሞላ ጫፍ ደግሞ ጎማ ሊቀድድ ይችላል። ሞላን በእሳት አሙቆ መዘርጋትም፣ መበየድም፣ መቁረጥም በዚሁ መደብ ናቸው፤ በፋብሪካ በሙቀት የጠነከረ ብረት እንዲህ ሲሞቅ ጥንካሬው ይለቅቃል፣ ከዚያ በኋላ በጋራዥ ሥራ አይመለስም። ከሾኩ ራስ ላይ ብረት ጨምሮ ማንሳት ከእነዚህ ይሻላል፤ ቢሆንም ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ መሄድ የለበትም። ከዚያ ካለፈ ጎማው ሲንጠለጠል የፊት አክስሉ መገጣጠሚያዎች ካልተሠሩለት ማዕዘን ላይ ይደርሳሉ፣ መሸፈኛ ጎማቸውም ይቀደዳል።

ለኋላው የሚሻለው ለዚሁ ሞዴል የተሠራ አዲስ ጥንድ ሞላ ነው፤ ከተገኘ ደግሞ ለጭነት ተብሎ በመጠኑ የተጠናከረው። ከመግዛትዎ በፊት የድሮውን ድካም ይለኩ። መኪናዋ ባዶዋን ደልዳላ ቦታ ላይ ትቁም፣ የጎማዎቹ ንፋስ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ ይሁን፣ ወደፊትና ወደኋላ ገፋ ገፋ አድርገው ያሳርፏት። ከዚያ ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ። ግራና ቀኝ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ አንዱ ሞላ ደክሟል ወይም ጫፉ ተሰብሯል። አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ሰው ልከው ሲያስገዙ «የቪትዝ ሞላ» ብቻ ብለው አይላኩ። የሽቦውን ውፍረት በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለክተው፣ የጥምዞቹን ቁጥር፣ ሞላው ተፈትቶ ሲቆም ያለውን ቁመትና የሁለቱን ጫፎች አቆራረጥ ጽፈው ይላኩ። ቁመቱ ብቻ ገጥሞ ውፍረቱ የተለየ ሞላ ቢመጣ ይመልሱት። ያገለገለ ሞላ ከሆነ ሁለቱም ከአንድ መኪና የወጡ መሆን አለባቸው።

የኋላው ሥራ ቀላል ነው። በዚህች መኪና ኋላ ላይ ሞላውና ሾኩ የተለያዩ ስለሆኑ ሞላ መጭመቂያ አያስፈልግም። የፊት ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዱ፣ የኋላው አካል በሁለት ጠንካራ መደገፊያ ላይ ይረፍ፤ ክሪክ ብቻውን መደገፊያ አይደለም። ከአክስሉ ሥር ሌላ ክሪክ ገብቶ ትንሽ ከፍ ካደረገው በኋላ የሁለቱ ሾኮች የታች ቡሎን ይፈታል፣ አክስሉ ቀስ ተብሎ ይወርዳል፣ ሞላው በእጅ ይወጣል። ሲወርድ የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው መሣሪያ) ገመዱ እንዳይወጠሩ አንድ ሰው ዓይኑን ከእነሱ ላይ አይንቀል። አዲሱ ሞላ ከላይና ከታች በጎማ መቀመጫው ላይ፣ ጫፉም በተሠራለት እርከን ውስጥ ይቀመጥ። የመምቻ ጎማው፣ ማለትም መኪናዋ እስከ መጨረሻው ስትወርድ ምቱን የሚቀበለው፣ ተፈርፍሮ ከሆነ አብሮ ይቀየር። ሾኩን የያዘው ቡሎን በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው። ተንጠልጥላ ሳለች ከጠበቀ ውስጡ ያለው ጎሚኒ (የመገጣጠሚያው የጎማ ቀለበት) ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

አሁን ወደ ድምፁ። መሪ ሲጠመዝዙ የፊት ሞላው ከጎማው ጋር አብሮ መዞር አለበት፤ ይህን የሚፈቅድለት ከሾኩ ራስ ላይ ከሞላው መቀመጫ በላይ ያለው ኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታው ከተያዘ ወይም ተገልብጦ ከገባ ሞላው በግድ እየተጠመዘዘ ይቆይና በድንገት ሲለቅ «ድንግ» ይላል። ሌላው ምክንያት የሞላው የታች ጫፍ ከመቀመጫው እርከን መውጣቱ ነው፤ ሦስተኛው በሾኩ ራስ ላይ ዘንጉን የሚይዘው የመሃል ዳዶ መላላቱ። ለማረጋገጥ መኪናዋ መሬት ላይ ቆማ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ አንድ ሰው መሪውን ቀስ እያለ ከጥግ እስከ ጥግ ያዙር። ሌላው መዳፉን በሞላው ውጫዊ ገጽ ላይ ያሳርፍ፤ ጣት በጥምዞቹ መሃል አይግባ። ሞላው መዞሩን ቆም አድርጎ በንጥቂያ ሲዘል እጅ ላይ ይሰማል። ሲዘል ካልተሰማ ቴስቲናውን (የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያን) እና የታችኛውን ክንድ ጎሚኒዎች ያስፈትሹ።

በእርስዎ ሁኔታ ድምፁ የጀመረው ከሥራው በኋላ ስለሆነ የፊቱ ሁለቱም ወገን እንደገና መፈታት አለበት፤ ያው ሲፈታ ወፍራሙ ሞላም አብሮ ይውጣ። ጎማው ከወጣ በኋላ የፍሬን ቱቦው፣ የኤቢኤስ ገመዱና የስታቢላይዘሩ (መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታዘነብል የሚይዘው ዘንግ) ማያያዣ ከሾኩ ይለቀቃሉ። የታችኞቹ ሁለት ቡሎኖች ከመፈታታቸው በፊት ሾኩ ጎማውን ከሚሸከመው ብረት ጋር የሚገናኝበት ቦታ በሚስማር ጫፍ ወይም በቀለም ምልክት ይደረግበት። በዚህ ሞዴል የሾኩን ራስ ለማግኘት የመስታወት መጥረጊያው ሥር ያለው ፕላስቲክ መነሳት አለበት፤ ጊዜ ቆጥቦ በቀዳዳ በኩል የሚታገል ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ዳዶውን ያበላሻል። የመሃሉን ትልቅ ዳዶ ግን ሞላው ሳይጨመቅ ፈጽሞ አይንኩት።

እዚህ ላይ ሰው ይሞታል፤ ስለዚህ ሳይድበሰበስ ይነገር። ሾኩ ከመኪናው ወጥቶ መሬት ላይ ተጋድሞ እንኳ ሞላው ተጨምቆ ነው ያለው። የመሃሉ ዳዶ ሲፈታ ይህ ሁሉ ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሞላን በሽቦ፣ በሰንሰለት ወይም በገመድ አስሮ መፍታት የተለመደባቸው ቤቶች አሉ፤ እንዲህ የሚሠራ ጋራዥ ካዩ መኪናዎን ይዘው ይውጡ። ትክክለኛው መጭመቂያ ሁለት ረጃጅም ቡሎኖች ያሉት ነው፤ ሞላው ላይ ፊትና ጀርባ ትይዩ ሆነው ይያዛሉ፣ አንዱ ጥቂት ዙር ሲጠብቅ ሌላውም እኩል ይጠብቃል። ሞላው ከመቀመጫው ላልቶ በእጅ መንቀሳቀስ ሲጀምር ብቻ የመሃሉ ዳዶ ይፈታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማንም ሰው በሾኩ ራስ አቅጣጫ አይቁም።

ሲገጠም የዕቃዎቹ ቅደም ተከተል ድምፅ ያመጣል ወይም ያጠፋል። በሾኩ ዘንግ ላይ መጀመሪያ የመምቻ ጎማው፣ ከዚያ አቧራ መከላከያው፣ ሞላው፣ የሞላው የላይ መቀመጫ፣ ኩሽኔታው፣ የላይኛው መያዣ፣ በመጨረሻ አዲስ ዳዶ ይገባል። ኩሽኔታው በእጅ ሲዞር ከኮሰኮሰ ወይም ከተያዘ ይቀየር፤ ሾክ ቀይሮ የድሮ ኩሽኔታና የተፈረፈረ መምቻ ጎማ መመለስ የተገዛውን ሾክ መግደል ነው። መምቻ ጎማ የሌለው ሾክ ብረት ከብረት እየተጋጨ የታች ቫልቩን ይሰብራል። አዲሱ ሾክ ከመገጠሙ በፊት እንደቆመ አራት አምስት ጊዜ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ መዘርጋት አለበት፣ በመጋዘን ተጋድሞ ሳለ የገባበት አየር እንዲወጣ። የመሃሉን ዳዶ ሲያጠብቁ ዘንጉ አብሮ ከዞረ በፒንሳ አይያዝ። በዘንጉ ላይ የምትቀር አንዲት ጭረት በተንቀሳቀሰ ቁጥር የዘይት መከላከያውን ትቆርጣለች፣ ሾኩም ባጭር ጊዜ ያፈሳል። ብዙ ሰው «ፎርጅድ ሸጠውኝ ነው» የሚለው እንዲህ የተጫረ ሾክ ነው። የዘንጉን ጫፍ የሚይዝበት መፍቻ ተሠርቶለታል፤ በንፋስ መፍቻም ከመምታት ይቆጠቡ።

የፊት ሾኩ የታችኞቹ ሁለት ቡሎኖች 130 ኒውተን ሜትር አካባቢ ማጥበቂያ ኃይል ይፈልጋሉ። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያ ኃይልን የሚለካ መፍቻ) ከሌለ ይህ በግማሽ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 27 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። የጎማ ዳዶዎች በትንንሽ ቶዮታዎች 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በመስቀል አቅጣጫ እየተፈራረቁ ይጠብቁ።

የጎማው መላጨት ሁለት በር አለው። አንደኛ፣ መኪናዋ ከፊት ስትነሳ ከመሪው የሚመጣው ዘንግ ወደታች ያዘነብላል፣ የጎማውን ኋላ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ጎማዎቹም ከፊት ይከፈታሉ። ሁለተኛ፣ የታችኞቹ ቡሎኖች በቀዳዳቸው ውስጥ ጥቂት ክፍተት ስላላቸው ሲፈቱ የጎማው ዘንበል ማለት፣ ካምበሩ፣ ይለወጣል፤ ያ ምልክት የሚደረገው ለዚህ ነው። የትኛው እንደሆነ እጅዎን በጎማው ጥርስ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ መልሰውም ከውጭ ወደ ውስጥ በማሻሸት ይለያሉ። በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቆረቁር ከሆነ ጎማዎቹ ተከፍተዋል። ሳይቆረቁር ወደ ውስጥ ተዳፍቶ የተበላ ከሆነ ካምበሩ ነው። በሁለት ወር የሚላጭ ጎማ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

አላይመንቱን ግን በዕለቱ አስጨርሰው አይርሱት። አዲስ ሞላ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይረጋል። በዕለቱ ጎማዎቹ ቀጥ እንዲሉ ብቻ ይደረግ፤ ባሕር ዳር አንዴ ደርሰው ከተመለሱ በኋላ በማሽን በደንብ ይለካ። መለኪያውን በወረቀት ይጠይቁ። የፊት ጎማዎቹ መከፈትና መዘጋት ወደ ዜሮ የቀረበ፣ የግራና የቀኝ ካምበር ልዩነት ከ45 ደቂቃ፣ ማለትም ከአንድ ዲግሪ ሦስት አራተኛ፣ ያልበለጠ ይሁን። ማስተካከያው ከሁለቱም ወገን እኩል ካልተዞረ መሪው ጠሞ ይቀራል። የኋላው አክስል ድፍን ስለሆነ የሚስተካከል ነገር የለውም፤ ኋላው ጠሞ ከተገኘ አክስሉ ወይም ጎሚኒዎቹ ተጎድተዋል።

መሪዋ የዞረ መሆኑ እዚህ ላይ ክብደት አለው። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ በቀኝ መሪ የተሠራች ናት፤ ሲዞር የመሪው ጥርስ ሳጥን በትክክለኛው ከፍታና በቀጥታ መስመር ካልታሰረ መኪናዋ በጎበጠ መንገድ ላይ ስትወጣና ስትወርድ ጎማዎቹ በየራሳቸው ይከፈታሉ ይዘጋሉ። ማሽኑ ቆማ ሳለች «ትክክል ነው» ሊል ይችላል። በዓባይ በረሃ ቁልቁለት፣ አስፋልቱ በመሬት መንሸራተት በተጨማደደበት ቦታ፣ መሪውን ሳይነኩት የምትንሸራተት ከሆነ ይህን ያስቡ። ስለዚህ ከአላይመንት በፊት የሳጥኑ ማሰሪያ ቡሎኖች፣ ሁለቱ ቴስቲናዎችና የግራና የቀኝ ዘንግ ርዝመት ይታዩ።

በጥምዝ ቀለበት ከፍና ዝቅ የሚል ወይም ጥንካሬው በቁልፍ የሚስተካከል ሾክ ስለመግዛት የሚያስቡ ካሉ፣ ለዚህ መንገድ አልመክረውም። አብዛኛው መኪና ዝቅ ለማድረግ የተሠራ ስለሆነ ጉዞው አጭር ነው፣ ጥርሱም በጭቃ ይያዛል። ቀለበቱን ማጥበቅ ሞላውን ያጠነክራል የሚሉም ተሳስተዋል፤ ከፍታውን እንጂ ጥንካሬውን አይለውጥም።

አሁን ያሉት ሾኮች ጥሩ ይሁኑ አይሁኑ ሲፈቱ ይለያል። ዘንጉ አጠገብ ያለ ቀጭን የዘይት ጤዛ ችግር የለውም፤ አካሉን አርሶ ወደታች የወረደ ዘይት ግን መጨረሻው ነው። ዘንጉ ተገፍቶ ሲለቀቅ በራሱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ጋዙ አለ። በመሃል ሳይቃወም ባዶ የሚሄድበት ቦታ ካለው ይጣል። ዘንጉ ያልተጫረ፣ የማያፈስና የሚቃወም ከሆነ የገዙትን መልሰው ይግጠሙት።

ስለዚህ የሚያደርጉት ይህ ነው። ወፍራሙን የፊት ሞላ አውጥተው ለሞዴሉ የተሠራውን ጥንድ ይመልሱ፣ ሁለት አዲስ ኩሽኔታና መምቻ ጎማ ይግዙ፣ ለኋላ አዲስ ጥንድ ሞላ ከመምቻ ጎማው ጋር ያስገቡ፣ ከዚያ አላይመንት ያሠሩ። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልበቃ ፊቱ ይቅደም፤ ድምፁ ከላላ ዳዶ የመጣ ከሆነ ጊዜ አይሰጥም፣ እስኪፈታም ረጅም መንገድ አይውጡባት። የተላጩት ጎማዎች ሽቦ ከታየባቸው አላይመንቱን አይጠብቁ፣ ዛሬ ይውጡ። የኋላው ሞላ እስኪገባ ድረስ ጤፉን ሲጭኑ ከኋላ ሰው አይቀመጥ፤ ወንበሩን አጥፈው ኩንታሉን ከፊት ወንበሮች ጀርባ አስጠግተው ያሰሩት። አዲሱ ሞላ ከገባም በኋላ አምስት ሰውና ኩንታል አብረው አይጫኑ፤ ፒስታ ላይ ያን ጭነት ሳትመታ የምትሸከም ቪትዝ አትገኝም።